ዳኛዋ ትንሿ ናት

ደቻቱ ወንዝ የሚባለው ባብዛኛው በስሙ ነው። ዝናብ ካልጣለ በቀር በድሬዳዋዎቹ የከዚራና የመጋላ ሰፈሮች መካከል የተዘረጋ ሰፊ አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ እረኛ ፍየሉን ያሻግርበታል፣ የቸኮለ ሰው ድልድዩን ትቶ በመሃሉ ያቋርጣል። ድሬዳዋ ፀሐይ ከበረታች በኋላ ውሻ ይዘው የሚዞሩባት ከተማ አይደለችም። ውሻ ያለው ሰው ማለዳ፣ አሸዋው ሳይግል ወደዚህ ቢወርድ አይፈረድበትም።

እንበልና አንድ የከዚራ ሰው 35 ኪሎ የሚመዝን የጀርመን ሸፐርዱን ይዞ ወርዷል። ከወዲያ ማዶ አንዲት ጎረቤቱ 5 ኪሎ የማትሞላ ውሻዋን አስከትላ ብቅ ትላለች። ሸፐርዱ ትንሿን ገና ሲያያት ጭራውን እየወዘወዘ ገመዱን ከባለቤቱ እጅ መንጭቆ ይፈተለካል። «አይዞሽ፣ አይነክስም! መጫወት ፈልጎ ነው አቦ!» ይላል ሰውየው ከኋላ እየሮጠ። «መጫወቱንስ ይጫወት፤ የኔን ግን ጨፈለቃት እኮ!» ትላለች ሴትየዋ።

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሸፐርዱ ክፉ ሐሳብ የለውም። ክብደት ግን ሐሳብ አይጠይቅም። በትንሿ ላይ የሚያርፈው የእሷን ሰባት እጥፍ የሚመዝን አካል ነው፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ላይ ከ400 ኪሎ በላይ የሆነ በሬ «ልላፋህ» ብሎ ሲዘልበት እንደማለት። በጣም ትንንሽ ውሾች የፊት እግራቸው አጥንት ቀጭን ስለሆነ ከወንበር ላይ ዘለው እንኳ የሚሰበሩ አሉ። አንድ የፍቅር ጥፊ በቂ ነው።

በምድር ላይ ከሚኖሩ አጥቢ እንስሳት መካከል በአንድ ዝርያ ውስጥ እንደ ውሻ የመጠን ልዩነት ያለው የለም ማለት ይቻላል። ቺዋዋ 3 ኪሎ አይሞላም፤ ወንድ ሮትዋይለር 50 ኪሎ ሲያልፍ ማንም አይገረምም። በ2007 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ለዚህ ልዩነት ትልቅ ድርሻ ያለውን ዘረ መል ለይቷል፤ ከአካል እድገት ጋር የተያያዘው አይ ጂ ኤፍ 1 ነው። ከ15 ዓመት በኋላ ደግሞ ተመራማሪዎች ለአካል ማነስ ምክንያት የሆነውን የዘረ መል ለውጥ ከ54,000 ዓመት በፊት በሳይቤሪያ በኖረ ተኩላ ቅሪት ውስጥ አገኙት። ትንሽነት ሰው ውሻን ሳያላምድ በፊትም በደም ውስጥ ተደብቆ ነበር ማለት ነው። ሰው ያደረገው ነገር ቢኖር እየመረጠ ማራባት ነው፤ የሮትዋይለርና የቺዋዋ ቅድመ አያት አንድ ቢሆንም ዘሮቹ ዛሬ አንድ ሜዳ ላይ ሲገናኙ መመጣጠን የላቸውም።

የአገራችን የሰፈር ውሻ ይህ ችግር ብዙም አልነበረበትም። ባለ አጭር ጸጉሩ፣ ቀጠን ያለው አበሻ ውሻ ከአቻው ጋር የሚቀራረብ መጠን አለው፤ ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር መንገድ ላይ ስለሚያድግም የውሻን ወግ አሳምሮ ያውቃል። ችግሩ የመጣው ከፈረንጅ ዘሮች ጋር ነው። ባንድ በኩል ግቢ እንዲጠብቁ የሚገዙት ሸፐርድና ሮትዋይለር፣ በሌላ በኩል ለቤት ውስጥ የሚገዙት ጸጉራም ትንንሾች በየከተማው በዙ። አንድ መንገድ ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን የታሰበበት ግን አይመስልም።

ትንሽ ውሻ ለኢትዮጵያ አዲስ ነው ማለት እንዳልሆነ ልብ ይሏል። አፄ ኃይለ ሥላሴ አንበሳ እንደሚያረቡ የታወቀ ቢሆንም፣ ከእግራቸው ሥር የማይጠፋው ሉሉ የተባለው ቺዋዋ ነበር፤ ብዙ ፎቶግራፎች ላይ አብሯቸው ይታያል። ፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት በጻፈው መጽሐፍ ሉሉን የመኳንንቱን ጫማ የሚያረጥብ ባለጌ አድርጎ ስሎታል። መጽሐፉ ከታሪክ ይልቅ ወደ ልብ ወለድ ያደላል የሚሉ ብዙ ናቸውና ለጫማው ጉዳይ መማል አያስፈልግም። ያም ሆነ ይህ፣ ሉሉ ከትልልቆች ጋር መኖርን የሚያውቀው ከንጉሥ ጭን ላይ ሆኖ ነው። የደቻቷ ትንሽ ውሻ ያ ዕድል የላትም።

ውሾች እንዴት እንደሚጫወቱ በጥሞና ማጥናት የተጀመረው ከብዙ ጊዜ በፊት አይደለም። አሜሪካዊው የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪ ማርክ ቤኮፍ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የውሾችን፣ የተኩላዎችንና የኮዮቲዎችን ልፊያ በፊልም እየቀረጸ፣ ፊልሙን እያዘገመ ሲመለከት ኖሯል። ብዙዎቻችን ያየነውን፣ ግን ያላስተዋልነውን ነገር ነው የመዘገበው፦ ውሻ ጨዋታ ሲፈልግ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ደረቱን መሬት ያስነካል፣ ወገቡንና ጭራውን ሽቅብ ያቆማል። ቤኮፍ በ1995 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ይህ እጅ መንሳት የጨዋታ መክፈቻ ብቻ አለመሆኑን አሳየ። በመሃል፣ በተለይ ጭንቅላትን እያወዛወዙ እንደ መንከስ ያለ ለጠብ ሊተረጎም የሚችል ነገር ከመደረጉ በፊት ወይም ከተደረገ በኋላ ይደጋገማል። «አሁን ያደረግሁት የምሬን አይደለም» የማለት ያህል ነው።

ከዚህ በኋላ የመጡት ጥናቶች ጨዋታው ምን ያህል መግባባት እንደሚጠይቅ ገለጡ። አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት ውሾች ያን እጅ መንሳት የሚያሳዩት ባብዛኛው ባልንጀራቸው ፊቱን ወደ እነሱ ሲያዞር ነው፤ ጀርባውን ከሰጣቸው አስቀድመው ነካ ያደርጉታል ወይም ይጮኹበታል፣ ከዚያ ይጋብዛሉ። ካሚል ዋርድና ባልደረቦቿ ደግሞ በ2008 እ.ኤ.አ. ወንድ ቡችሎች ከሴት ቡችሎች ጋር ሲላፉ ሆን ብለው ራሳቸውን ደካማ እንደሚያደርጉ ጽፈዋል። ማሸነፍ እየቻሉ ሸብረክ ይላሉ።

የዚህ ጽሑፍ መሠረቱ ይኸው ሸብረክ ማለት ነው። ጃክ ፓንክሴፕ የተባለው ሳይንቲስት ስለ አይጦች ልፊያ ሲጽፍ፣ ትልቁ አይጥ ትንሹን ከአሥር ሦስት ጊዜ ያህል እንዲያሸንፍ ካልፈቀደለት ትንሹ መጋበዙን ይተዋል ብሏል። ውሾች አይጥ አይደሉም፤ ኤሪካ ባወርና ባርባራ ስመትስ በ2007 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት በውሾች መካከል ድል እኩል መከፈል የለበትም፣ አንዱ አዘውትሮ ከላይ ሆኖ ጨዋታው ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ ሰዓት ይዞ «አንዴ አንተ፣ አንዴ አንቺ» ብሎ መቁጠር ትርጉም የለውም። መታየት ያለበት ትንሿ ውሻ ስትለቀቅ ምን እንደምታደርግ ነው፤ ተመልሳ ትሄዳለች ወይስ ከባለቤቷ እግር ኋላ ትወሸቃለች? ውሻ አሰልጣኞች ብዙ ነገር ያስተምራሉ፣ ግን ከዚህ የሚበልጥ መለኪያ ያለ አይመስልም።

ኃይለኛ እንስሳ ራሱን መግታት መቻሉን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ጓሳ፣ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ መሃል ይዘዋወራል። ቪቬክ ቬንካታራማንና ባልደረቦቹ በ2015 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ቀበሮው በመቶዎች በሚቆጠሩት ጭላዳዎች መካከል ሲያልፍ እርምጃውን ያዘገያል፣ አንገቱን ዝቅ ያደርጋል፣ በቀላሉ ሊነጥቃቸው የሚችላቸውን ግልገሎች አይነካም። ምክንያቱ ደግነት ሳይሆን ጥቅም ነው፦ ብቻውን አይጥ ሲያድን የሚሳካለት 25 በመቶ ያህል ሲሆን በመንጋው መሃል ግን 67 በመቶ ያህል ነው። አንዴ አንድ ቀበሮ ግልገል ቢይዝ ጭላዳዎቹ ተረባርበው አስጣሉት፣ አባረሩት፣ እንዲመለስም አልፈቀዱለትም። የቤት ውሻም የሚማረው በዚሁ መንገድ ነው። ዝግ ማለት የሚፈልገውን ነገር የሚያስገኝለት፣ መቸኮል ደግሞ የሚያሳጣው ከሆነ ዝግ ይላል።

የከተሞቻችን ትልቅ ውሻ አስተዳደግ ግን ይህን እንዲማር አያግዘውም። ውሻ በበላበት ይጮኻል ተብሎ የሚገዛ ነውና ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይለቀቃል፤ እንግዳ ሲመጣ ሰንሰለቱ ያጥራል። ሌላ ውሻ የሚያውቀው በበሩ ቀዳዳ ነው። እንዲህ ያደገ ሸፐርድ አንድ ቀን ደቻቱ ላይ ሲፈታ እንደ እብድ ቢጋልብ የሚያስገርም አይደለም፤ ዕድሜ ልኩን ሲጮኽበት የኖረው ነገር በመጨረሻ ፊቱ ቆሟል።

ይህ እንዳይሆን ሥራው የሚጀምረው በቡችላነት ነው። ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር በአሜሪካ ሜይን ግዛት ለዓመታት ውሾችን አርብተው በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ቡችላ ከሦስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ያየውን ፍጡር እንደ ወገኑ እንደሚቀበል አስረድተዋል። በዚህ ወቅት ከወንድሞቹ ጋር ሲላፋ አጥብቆ ከነከሰ ወንድሙ ይጮኽና ይተወዋል። ጥርስን ማላላት የሚማረው እንዲህ ነው። እንግሊዛዊው የእንስሳት ሐኪም ኢያን ደንባር ለቡችሎች ብቻ የተዘጋጀ ትምህርት ቤት ሲከፍት ያሰበው ይህንኑ ነበር፦ ጥርሳቸው እንደ መርፌ ቢሆንም መንጋጋቸው ገና ደካማ ሳለ ይማሩ። ቡችላ ከስምንት ሳምንቱ በፊት ከእናቱ ተነጥሎ ሲሸጥ ይህ ትምህርት ይቋረጣል።

ቡችላ የሚያሳድግ ሰው እዚህ ላይ የሚጨንቀው ነገር አለ። ክትባቱን ሳይጨርስ ይውጣ? ፓርቮና ዲስቴምፐር ቡችላ ይገድላሉ። የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ ሰውም ይገድላል፤ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚሞትበት፣ ሰው ላይ የሚደርሰው ሕመምም 99 በመቶ ያህሉ ከውሻ እንደሚመጣ የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። የአሜሪካ የእንስሳት ጠባይ ሐኪሞች ማኅበር በ2008 እ.ኤ.አ. የሰጠው ምክር መካከለኛ ነው፦ የመጀመሪያውን ዙር ክትባት ከወሰደ ከሰባት ቀን በኋላ፣ ጤነኛና የተከተቡ ውሾች ባሉበት ንጹሕ ቦታ ይገናኝ። የሰፈር ውሾች የሚመላለሱበት የደቻቱ አሸዋ ያ ቦታ አይደለም። ለቡችላ የጎረቤት ግቢ ይሻላል፤ አሸዋው ክትባቱን ለጨረሰ ውሻ ነው። የእብድ ውሻ መከላከያ ክትባት አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ወር ይሰጣል፣ በየጊዜውም ይደገማል።

አሁን ወደዚያ ሸፐርድ እንመለስ። ቡችላ አይደለም፤ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ትንንሾችን ይወዳል፣ መጠኑን አያውቅም። ምን ይደረግ?

መጀመሪያ ትንሿ ውሻ በሌለችበት፣ ግቢ ውስጥ፣ «በቃ» የሚለውን ቃል ይማራል። ባለቤቱ ወፍራም ገመድ ወይም አሮጌ ጨርቅ ይዞ ጉተታ ይጫወታል፤ በመሃል «በቃ» ብሎ እጁን ያቆማል፣ ጨርቁን አይጎትትም፣ ዝም ይላል። ጨርቁ ሲሞት ውሻው ይሰለችና ይለቃል። በለቀቀበት ቅጽበት ጥፍር የምታህል የተቀቀለ ሳንባ አፉ ላይ ታርፋለች። ከዚያ (ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው) ጨዋታው እንደገና ይጀመራል። ውሻው «በቃ» ማለት የደስታው ማብቂያ እንዳልሆነ ካላመነ፣ ትንሿ ውሻ ፊት ለፊቱ እያለች ቃሉን አይሰማም። «ና» የሚለውም ቃል እንደዚሁ ነው። በየቀኑ «ና» ተብሎ በሄደ ቁጥር ሰንሰለት የሚታሰርበት ውሻ፣ «ና» ሲባል ወዲያ ቢሮጥ አስተዋይ ነው።

ቀጥሎ አሸዋው ይመጣል። የደቻቱ ስፋት ጥቅሙ እዚህ ነው፤ በከተማ ውስጥ 30 ሜትር ተራርቆ ጎን ለጎን መሄድ የሚቻልበት ቦታ ብዙ አይደለም። ሁለቱ ባለቤቶች በአንድ አቅጣጫ፣ አንዱ በወዲህ አንዷ በወዲያ ዳር ሆነው ይሄዳሉ። ውሾቹ ፊት ለፊት አይፋጠጡም፤ ይተያያሉ፣ ያሸታሉ፣ መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። ሸፐርዱ ትንሿን ዓይቶ ወደ ባለቤቱ ዞር ባለ ቁጥር ቁራጭ ሥጋ ይሰጠዋል። ዓይኑን ሳይነቅል ቢያፈጥ፣ ሥጋ ቢሰጠው እንቢ ቢል፣ ቅርብ ሆኗል ማለት ነውና ይራቃል። ሥጋ የሚያበላ ርቀት ትክክለኛው ርቀት ነው። ይህ ሥራ አሰልቺ ነው፤ ከውጭ የሚያይ ሰው ሁለት የተኳረፉ ጎረቤቶች ውሻ የሚያናፍሱ ይመስለዋል። ግን ርቀቱ ከ30 ወደ 20፣ ከ20 ወደ 10 ሜትር የሚወርደው በዚህ ብቻ ነው፤ በአንድ ማለዳም አያልቅም።

መቀራረቡ ሲመጣ በቀጥታ ሳይሆን ከጎን ዞር ተብሎ ይሁን። ገመዱ ይላላ። ባለቤት ፈርቶ ገመዱን ሲወጥረው የውሻው ደረት ወደ ላይ ይነሣል፣ አንገቱ ይታነቃል፣ ከፊት የሚታየው መልክም የጠበኛ ይሆናል፤ ትንሿ የምታነበው ያንን ነው። ሦስት ሰከንድ ያህል ይሻተቱ፣ ከዚያ «ና» ተብሎ ይጠራ፣ ይሸለም። ደግሞ ሦስት ሰከንድ። የሚላፉበት ቀን ሲደርስ ትልቁ ውሻ ደረቱን በሚያቅፍ ማሰሪያ ላይ የታሰረ ከ5 እስከ 10 ሜትር የሚደርስ ቀላል ገመድ እየጎተተ ይለቀቅ። ገመዱ ለመጎተት ሳይሆን፣ ቢያስፈልግ በእግር ረግጦ ለማስቆም ነው።

ልፊያው አጭር ይሁን። ከአንድ ደቂቃ በላይ ሲቆይ ሙቀቱ ይጨምራል፣ የተማረውም ይጠፋዋል። «በቃ» ይባላል፣ ሸፐርዱ ይጠራል፣ ባለቤቱ ደረቱ ላይ እጁን አድርጎ ይይዘዋል። አሁን ሁሉም ሰው ወደ ትንሿ ይመለከታል። ራሷን አራግፋ፣ ቀረብ ብላ፣ ያን እጅ መንሳት ካሳየችው ይለቀቅ። ዞር ካለች፣ ምራቋን እየዋጠች ከንፈሯን ከላሰች፣ ጭራዋን ከወሸቀች ወይም አፏን ገጥማ ከቆመች ጨዋታው ለዛሬ አብቅቷል፤ ትልቁ ምንም ያህል ቢለምን። ውሳኔው የእሷ እንጂ የሁለቱ ባለቤቶች አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው የትንሿ ባለቤት ነው፤ «ኧረ ትወደዋለች» እያለ ወደ ፊት ይገፋታል።

ትልቁ በመሃል መዳፉን ጀርባዋ ላይ ቢጭን ወይም በደረቱ ቢጫናትስ? መጮኽ አያስፈልግም። «በቃ» ተብሎ ገመዱ ይያዛል፣ 20 እርምጃ ያህል ይወሰዳል፣ ሰላሳ ሰከንድ ያህል ምንም ሳይባል ይቆማል፣ ይመለሳል። ሦስት ጊዜ ከደገመው ወደ ቤት ይኬዳል። ውሻ ነገር ማያያዝ ይችላል፦ መዳፍ ሲያርፍ ጨዋታ ይጠፋል። በሌላ በኩል መሬት ላይ ተኝቶ ትንሿ ጆሮውን እንድትጎትተው የፈቀደ እንደሆነ ያ በሥጋ ይከፈለው። አንዳንድ ትልልቅ ውሾች ይህን ማንም ሳያስተምራቸው ይደርሱበታል፤ ጀርባቸው ላይ ተንጋለው አንበሳን ያሸነፈች እንድትመስላት ያደርጓታል። ላልደረሰበት «ተኛ» የሚለውን ቃል ከጨዋታው በፊት ማስተማር መንገዱን ያሳጥራል።

ለትንሿም መሸሸጊያ ያስፈልጋታል። ትልቁ የማይገባበት ጠባብ ነገር፣ የድንጋይ ክፍተት ወይም አግዳሚ ወንበር ሥር፣ በአቅራቢያ ቢኖር ስትደክም ትገባለች። ባለቤቷ ደንግጣ ብድግ አድርጋ ወደ ላይ ማንሳቷ ግን ብዙ ጊዜ ያባብሰዋል፤ ሽቅብ የሚሄድ ነገር ትልቁን ሽቅብ ያዘልለዋል፣ ሴትየዋም ትወድቃለች። ደግሞ እውነት ለመናገር ትንንሾች ባለጌ ሲሆኑ «ትንሽ ናት» ተብሎ ይታለፋል። ገና ከሩቅ እየተንጫረረች ጥርሷን የምታሳይ ባለ 4 ኪሎ ውሻ እንደ ሸፐርዱ ሁሉ ትምህርት ያስፈልጋታል።

ዱላ አይረዳም። ይህ የደግነት ስብከት አይደለም። በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ሜጋን ሄሮንና ባልደረቦቿ በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ መምታት ወይም መርገጥ፣ በግድ ማንጋለልና አፍጥጦ ማየት ከተፈጸመባቸው ውሾች ቢያንስ ከአራት አንዱ በቁጣ መልሷል። ትንሿ ውሻ በመጣች ቁጥር የሚመታ ሸፐርድ የሚማረው ዝግ ማለትን ሳይሆን፣ እሷ ስትመጣ ሕመም እንደሚመጣ ነው። ማጉረምረምንም መቅጣት ስሕተት ነው። ውሻ ሲያጉረመርም እያስጠነቀቀ ነው፤ ማስጠንቀቂያው የተቀጣ ውሻ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል። ባንጻሩ «ተዋቸው፣ ራሳቸው ይፍቱት» የሚለው ምክር ለአቻዎች አንዳንዴ ይሠራል። በሰባት እጥፍ ለሚበላለጡ ግን የሚፈታው የትንሿ አጥንት ነው።

አሰልጣኞች ከሁሉ አብልጠው የሚፈሩት ሌላ ነገር አለ። ትንሽ ውሻ በድንገት ስትጮኽና ስትሮጥ፣ ትልቁ ውሻ ለአፍታ ውሻ መሆኗን ሊረሳ ይችላል። ድምፅዋ የሚታደን እንስሳ ድምፅ ይሆንበታል፣ ሩጫዋም እንደዚያው፤ ደግ የሚባል ውሻ እንኳ እዚህ ላይ ጥርሱን ያጠብቃል። ለዚህ ነው አንዲትን ትንሽ ውሻ ከሁለት ትልልቆች ጋር አንድ ላይ መልቀቅ የማይገባው። አንዱ ማሳደድ ሲጀምር ሌላው ይከተላል። ለዚህ ነው ሩጫ ያለበት ጨዋታ ከሁሉ መጨረሻ የሚፈቀደውም። የመጠናቸው ልዩነት በጣም የሰፋ እንደሆነ፣ ለምሳሌ ሮትዋይለርና ቺዋዋ፣ አብሮ መራመድ ብቻ ይበቃቸዋል ቢባል ማጋነን አይደለም።

ድሬዳዋ የራሷ ሕግ አላት። ውሻ ሙቀቱን የሚያበርደው ባብዛኛው በማለክለክ ነው፤ ትልቅና ከባድ ሲሆን ይበልጥ ይቸግረዋል። የውሻ ሙቀት በጤናው 38 ተኩልና 39 ዲግሪ ግድም ነው፤ ከ41 ሲያልፍ አደጋ ነው። ምላሱ ከወትሮው ሰፍቶ ሲንጠለጠል፣ ድዱ ሲቀላ፣ ሲንገዳገድ ጨዋታው ቆሞ ጥላ ውስጥ መግባት፣ ውኃ በሰውነቱ ላይ ማፍሰስና ሐኪም ጋ መሄድ ነው። ማለዳ ከ1 ሰዓት በፊት የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። ክረምት ሲመጣ ደግሞ አሸዋው ጨርሶ ይረሳ። በነሐሴ 2006 እ.ኤ.አ. መባቻ ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ጨርሷል። ጎርፉ የሚነሣው ከላይ ከደጋው ስለሆነ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድም ሊመጣ ይችላል።

ሌላው ሕግ የጎረቤት ነው። የመጋላ ሰው ብዙው ሙስሊም ነው፤ በምሥራቁ የሚበዛው የሻፊዒ መዝሀብ የውሻ ምራቅ የነካውን ነገር ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ማጠብን ያዝዛል። ወደ ሶላት የሚሄድ ሰው ልብስ ላይ አፍንጫውን የሚያሳርፍ ውሻ ቢላፋም ቢያሸትም በደል ነው። ስለዚህ ሰው ሲያልፍ ገመዱ ያጥራል፣ ውሻው በሌላው ጎን ይሆናል። ፍየል ሲያልፍም እንደዚሁ፤ ከፍየል ጋር መላፋትን ያላስተማሩት ውሻ ትምህርቱን በእረኛው ድንጋይ ይጀምራል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም መናከስ ቢመጣ እጅ በአፋቸው መሃል አይገባም። ባልዲ ውኃ ወይም ኃይለኛ ድምፅ ካልረዳ፣ የትልቁን የኋላ እግሮች ከጭኑ ይዞ ወደ ኋላ ማንሳትና መጎተት ይሻላል። ትንሿ ላይ ላይዋ ሲታይ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ቢኖራትም ከቆዳዋ ሥር ሥጋው ተቦጭቆ፣ የጎድን አጥንቷም ተሰብሮ ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ሐኪም ይያት። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን 15 ደቂቃ ያህል በሳሙናና በሚወርድ ውኃ አጥቦ ጤና ጣቢያ መሄድ ግድ ነው፤ ውሻው የተከተበም ቢሆን የክትባት ወረቀቱን ይዞ።

አንዳንድ ትልልቅ ውሾች እዚህ ደረጃ አይደርሱም። ከአራት ወር በኋላም ትንሿን ሲያዩ የሚያፈጡ፣ ሥጋ የማይበሉ፣ «በቃ» የማይሰሙ ይኖራሉ። ለነሱ ማለክለክና ውኃ መጠጣት የሚያስችል፣ እንደ ቅርጫት ያለ የአፍ መሸፈኛ በሥጋ ቀስ በቀስ ማልመድ፣ ልፊያውንም በመጠን ከሚመጥናቸው ውሻ ጋር ማድረግ ነው። ያ የከዚራ ሸፐርድም ምናልባት እንዲህ ዓይነት ይሆናል። ከሆነ በሌላ ሰዓት ይውጣ፤ ማለዳውን ለትንሿ ትቶ አመሻሽ ላይ።